ኢምፖርቲን ቀዳዳው ውስጥ ተጣብቆ የማይቀረው ለምንድን ነው?

ሰላም፣ ሞለኪዩላር ባዮሎጂ የምታውቁ እስቲ ተባበሩኝ። የሴሚናር ርዕሴ ኒውክለር ፖር ኮምፕሌክስ ነው፤ በኒውክለስ ሽፋን ላይ ያለው፣ ከፕሮቲኖች የተሠራ መተላለፊያ ቀዳዳ ማለት ነው። ግንባታው ብዙም አልከበደኝም። 30 ገደማ የፕሮቲን ዓይነቶች፣ ስምንት እጥፍ ሲሜትሪ። በሰው ሴል ዋይ ቅርጽ ያለው የፕሮቲን ስብስብ በሳይቶፕላዝም በኩል ባለውም በኒውክለስ በኩል ባለውም ቀለበት 16 16 ነው፤ ስምንት ስምንት ሆኖ በሁለት ረድፍ መሆኑ ነው።

የጨነቀኝ መሃሉ ነው። እዚያ ፊኒልአላኒንና ግላይሲን የተባሉ አሚኖ አሲዶች የሚደጋገሙባቸው፣ ቋሚ ቅርጽ የሌላቸው ክሮች ተንዘርግፈዋል። ከ40 ኪሎዳልተን በላይ የሆነ ፕሮቲን ብቻውን ሲመጣ ማለፍ ያቅተዋል። ኢምፖርቲን የተባለው አጓጓዥ ፕሮቲን ግን ጭነቱን (ወደ ኒውክለስ የሚገባውን ፕሮቲን) ይዞ፣ እነዚያኑ ክሮች እየተጣበቀ በሚሊሰከንዶች ውስጥ ሹልክ ይላል! ራን ጂቲፒ (ጂቲፒ የተባለውን ሞለኪዩል የያዘው ራን ፕሮቲን) ጭነቱን የሚያስለቅቀው ኒውክለስ ከደረሰ በኋላ ነው። እስከዚያስ? መጽሐፉ «ደካማ ትስስር» ብሎ ያልፈዋል። ደካማ ከሆነ ታዲያ ለማሳለፍ እንዴት በቃ? ጥሩ ቪዲዮ የምታውቁም ጠቁሙኝ።