ክርክር፦ ከንፈር የሚያወፍረውን መርፌ ማን ይያዝ?

መነሻ፦ በእንግሊዝ አገር ከጥቅምት 1 ቀን 2021 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ዕድሜው ከ18 ዓመት በታች ለሆነ ልጅ ለውበት ሲባል ፊለር (ከቆዳ ሥር ገብቶ ከንፈርን የመሰለ ቦታ የሚያወፍር ዝልግልግ ነገር) ወይም ቦቶክስ (ጡንቻን የሚያላላ መድኃኒት) መውጋት፣ ወላጅ ቢፈቅድም እንኳ፣ ወንጀል ነው። ይኸው ሕግ ግን ለአዋቂ ፊለር የሚወጋው ሰው የጤና ባለሙያ እንዲሆን አላስገደደም። ሊያስገድድ ይገባ ነበር?

የሳሎን ባለሙያ፦ አይገባም። ለንደን ውስጥ በውበት ሳሎን ስሠራ ሰባት ዓመቴ ነው፤ ወደ እኔ የሚመጡት ሴቶች የክሊኒክ ዋጋ የማይችሉ ናቸው። ሳሎኑ ቢዘጋባቸው ሐሳባቸውን አይተዉም፤ ማንም በማያየው ጓዳ ውስጥ ይወጋሉ። ሥልጠናና ቁጥጥር ይበቃል።

የጥርስ ሐኪም፦ እህቴ፣ ስለ ሴቶቹ ያለሽን ሐሳብ እጋራለሁ። ሆኖም በላይኛውም በታችኛውም ከንፈር ውስጥ የደም ቧንቧ ያልፋል፤ ፊለሩ ቧንቧው ውስጥ ከገባ የደም ዝውውሩ ሊቆም ይችላል፣ ቆዳው መጀመሪያ ይገረጣል፣ ቀጥሎም እንደ መረብ ይጠቁራል፣ ካልታከመ ሥጋው ሊሞት ይችላል። ብዙው ፊለር የሚሠራበትን ሃያሉሮኒክ አሲድ የሚያሟሟው ሃያሉሮኒዴዝ በእንግሊዝ አገር በማዘዣ ብቻ የሚገኝ መድኃኒት ነው። ታዲያ ያንን ማዘዝ የማይችል ሰው መርፌውን ብቻውን እንዴት ይይዛል? ፊለሩ ሲሊኮን ከሆነማ የሚያሟሟው ነገር ጭራሹኑ የለም።

አንዲት ተሳታፊ፦ እናቴ ድዷን የተነቀሰችው ስትስቅ ጥቁር ሆኖ እንዲታይላት ነበር፤ እኔ ደግሞ ድዴ እንዳይታይ ብዬ ሳሎን ሄድኩ። ሠራተኛዋ አፌን ሳታስከፍት የላይኛውን ከንፈሬን ወጋችው። ከንፈሬ አበጠ፣ ድዴ ግን እንደ ቀድሞው ይታይ ነበር። ኋላ ሐኪም ሲያየኝ ጥርሶቼ አጭር የመሰሉት ድዴ ስለሸፈናቸው መሆኑን ነገረኝና የተረፈው ድድ ተቆረጠልኝ። ከአፍንጫ ሥር ቆዳ ቆርጦ ከንፈርን ከፍ የሚያደርገውን ቀዶ ሕክምናም ጠይቄው ነበር፤ ጠባሳዬ የሚያብጥ ዓይነት መሆኑን ጆሮዬ ላይ አይቶ እንዳላስበው መከረኝ። ለእኔ ትልቁ ቁም ነገር ይህ ነው፤ ከመውጋት በፊት የሚመረምር ሰው ያስፈልጋል።

የሳሎን ባለሙያ፦ ማሟሟያው በሌለበት ክፍል መርፌው አይኑር የሚለውን እቀበላለሁ። ነገር ግን ማዘዝ የምትችል ነርስ አብራኝ ብትሠራና አስቀድማ ብትመረምር፣ እኔ ከሥራዬ የምባረርበት ምክንያት አይታየኝም።