ባለፈው ጥር እሳቱ ጓዳችን ድረስ መጣ፤ ለዘንድሮ ከየት ልጀምር?

የሸዋ በሯ

ሰላም ለሁላችሁ። እኔ ሐረር ሸዋ በር አካባቢ ትንሽ ሱቅ አለኝ። እናቴ ግን የምትኖረው ደንገጎ ነው፣ ከአስፋልቱ ገባ ብሎ ዳገቱ ላይ። ከቤቱ በታች አባቴ የተከለው ባህር ዛፍ አለ፣ ግማሽ ሄክታር አይሞላም። ከዛ በታች የወፍ ቆሎ የወረረው ገደል ነው። ከገደሉ ማዶ ደግሞ ጥድና ወይራ ያለበት የጋራ ደን አለ።

ባለፈው ጥር ከቀኑ ስምንት ሰዓት ላይ እማዬ ደወለች። «ጭስ ሸተተኝ» አለችኝ። «የከሰል ጭስ ይሆናላ» ብዬ ዘጋሁት። እውነትም የከሰል ነበር። ማዶ ያለ አንድ የጎረቤት ልጅ የከሰሉን ጉድጓድ በአፈር በደንብ አልደፈነውም። ነፋስ ሲነሳ ፈነዳና ሳሩን ያዘው።

ሚኒባስ ይዤ ስደርስ እሳቱ ገደሉን ወጥቶ ባህር ዛፉ ውስጥ ገብቷል። የባህር ዛፍ ቅርፊት እየነደደ በአየር ላይ ሲንሳፈፍ አይታችሁ ታውቃላችሁ? እንደ ተቀደደ ጨርቅ ነው የሚሄደው። አንዷ ቁራጭ መጥታ የማሽላ አገዳው ክምር ላይ አረፈች። ክምሩ ደግሞ ጓዳውን ተደግፎ ነበር። አገዳውም ጓዳውም ሄደ፣ ሁለት ፍየልም አብሮ። ዋናው ቤት የተረፈው ጎረቤቶች ቆርቆሮው ላይ ወጥተው በእርጥብ ቅጠልና በጀሪካን ውሃ ስለታገሉ ነው። እንዲረዳን የጠራነው መኪና አስፋልቱ ላይ ቆሞ ቀረ፤ ወደ እኛ የሚያስገባ መንገድ የለውም።

አሁን ጥቅምት ነው። ዝናቡ ወጥቷል፣ ሳሩ ወገብ ደርሷል። ወንድሜ «ባህር ዛፉን ቆርጠን እንሽጠው» ይላል። ሰፈሩ «ከሰል ይከልከል» ይላል። እኔ እጄ ላይ ያለው ስምንት ሺህ ብርና ሁለት ቅዳሜና እሁድ ነው። እናንተ ብትሆኑ ከየት ትጀምራላችሁ?

ጡረተኛው

እህቴ፣ እንኳን ተረፋችሁ። ጨርጨር ውስጥ ደን ላይ ብዙ ዓመት ሠርቻለሁ። ሰው ሁሉ ከደኑ መጀመር ይፈልጋል፤ አንቺ ከቤቱ ጀምሪ። ራስሽ ጽፈሽዋል እኮ፦ ጓዳውን ያቃጠለው ከገደሉ የወጣው ነበልባል አይደለም፣ በነፋስ የመጣች አንዲት ፍም ናት። ለፍሟ ማረፊያ ያዘጋጀው ደግሞ አገዳው ነው።

ስለዚህ በመጀመሪያው ቅዳሜ አገዳውንና እንጨቱን ከቤቱ አርቁት። 10 ሜትር ብትሉ አነሰ፣ 30 ቢሆን ደስ ይለኛል። ዳገቱ በሚወጣበት በኩል ሳይሆን በጎን አድርጉት። አሸንዳ ካለ ውስጡ የገባውን ቅጠል ጥረጉ። ከግድግዳው ሥር ሁለት እርምጃ ያህል ባዶ አፈር ይሁን፣ ሳርም ቅጠልም አይኑርበት። ይህ ሁሉ ብር አይጠይቅም።

እሁድ ወደ ታች ውረዱ። እሳት ዳገት ሲወጣ ከፊቱ ያለውን ሳር በሙቀቱ ቀድሞ ስለሚያደርቀው ይሮጣል። ዳገቱ በ10 ዲግሪ በጨመረ ቁጥር ፍጥነቱ ወደ እጥፍ ይጠጋል። የእሳት መከላከያ መስመሩን ቤቱ ሥር ካወጣችሁት እሳቱ ጉልበቱን ጨርሶ አግኝቶ ነው የሚደርስባችሁ። በባህር ዛፉና በገደሉ መካከል አውጡት፣ ገና ሳይበረታ። በዶማ እስከ አፈሩ ድረስ ይገፈፍ። የተገፈፈውን ደግሞ ዛፉ ሥር እንዳትከምሩት! ይቺን ስህተት ስንቴ እንዳየኋት።

ወንድምሽን በተመለከተ፣ ባህር ዛፍ ቢቆረጥ ከጉቶው መልሶ ያቆጠቁጣል፣ ያውም ጥቅጥቅ ብሎ። ነጋዴው ግንዱን ይወስድና ቅርንጫፉን ጥሎላችሁ ይሄዳል። በጥር ከዛ የባሰ ማገዶ የለም። መሸጡን ከፈለጋችሁ ሽጡ፣ ግን ቅርንጫፉን እንዲያነሳ በውሉ ላይ ይግባ። ካልሸጣችሁት የታችኛውን ቅርንጫፍ ሰው ቁመት ድረስ መልምሉ፣ የረገፈውን ቅርፊት ጥረጉ። በታኅሣሥ ደግሞ ተመልሳችሁ ጥረጉት፣ ምክንያቱም ይረግፋል።

የማዶው ጥድ ነው የሚያሳዝነኝ። ጥድ እንደ ባህር ዛፍ አያቆጠቁጥም። ከተቃጠለ ሞተ።

የከዚራ ልጅ፣ ሊዝበን

አቦ ጡረተኛው ጨርሶታል፣ እኔ አንድ ነገር ብቻ ልጨምር። የምኖርበት አገር፣ ፖርቱጋል፣ ባህር ዛፍ በባህር ዛፍ ነው። በሰኔ 2017 (በፈረንጆቹ) ፔድሮጋኦ ግራንዴ የሚባል አካባቢ ተቃጥሎ 66 ሰው ሞተ። ብዙዎቹ ያለቁት መኪና ውስጥ ሆነው፣ መንገድ ላይ ሲሸሹ ነው። ከዛ በኋላ መንግሥት በየመንደሩ አንድ ሥራ ጀመረ። እያንዳንዱ መንደር አንድ ኃላፊ ይመርጣል። ሰው የሚሰበሰብበትን ቦታ ቀድሞ ይወስናል። በየትኛው መንገድ እንደሚወጣም ይለማመዳል። በየቤቱ ዙሪያ 50 ሜትር ማጽዳት ደግሞ ሕግ ነው።

ስለዚህ ጥያቄዬ ይቺ ናት፦ አንቺ ሐረር ሱቅ ላይ ሆነሽ እማዬን ማን ነው የሚያወጣት? በየት በኩል? ፍየሎቹን ማን ይፈታል? ስም ጥሪና ወስኚ። «ጎረቤት አለ» አይበቃም ወሪያ፣ ሁሉም ጎረቤት ሌላው ያወጣታል ብሎ ያስባል።

የአፎቻ ሰው

የእኔ ልጅ፣ «ከሰል ይከልከል» የሚለውን እኔ አልወደድኩትም። አዋጅ ቁጥር 1065/2010 ደን ማቃጠልን በወንጀል ይቀጣል፣ እሱ ይታወቃል። ግን ያ ልጅ ማታ ማታ በድብቅ ቢያከስል ምን ታደርጊዋለሽ? ተደብቆ የሚያከስል ሰው እሳት ሲያመልጠው አይጮህም፣ ይሸሻል። እናትሽ የዛን ቀን ጭሱ ሳይሸታት ቀድሞ ማን ያውቅ ነበር? እሱ። ለምን አልጮኸም? ፈርቶ።

እኛ ጋ አንድ ወቅት እንዲህ ነው የተስማማነው። በቡናው በጫቱ ተቀምጠን ነው የተነጋገርነው፣ ማንንም ሳንከስ። የሚያከስል ሰው ከመለኮሱ በፊት ለሁለት ጎረቤት ይናገራል። ነፋስ በሚበረታበት ከሰዓት አይለኩስም። በዙሪያው ያለውን ሳር ይመነጥራል፣ አፈርና ሁለት ጀሪካን ውሃ አጠገቡ ያደርጋል። ጉድጓዱ በርዶ በእጁ እስኪዳስሰው ድረስ ትቶት አይሄድም። ካመለጠው ደግሞ እሪ ብሎ ይጮሃል፣ ማንም አይከሰውም።

መስመሩን ደግሞ ብቻችሁን አትጥረጉ። ጉዛ ጥሩ፣ ጎረቤቱ በደቦ ወጥቶ ይሥራ። ስምንቱን ሺህ ለምሳውና ለጫቱ አድርጊው። ልጁንም ጥሪው፣ መጀመሪያ እሱን።

ሳተላይት

ናሳ ፈርምስ የሚባል በነፃ የሚታይ ካርታ አለው። ሳተላይቱ እሳቱን ካየው በኋላ በሦስት ሰዓት ገደማ ውስጥ ነጥብ ሆኖ ይወጣል። አንዱ ነጥብ 375 ሜትር በ375 ሜትር የሚሆን ቦታ ነው የሚያሳየው።

ጡረተኛው

ለወረዳ ጥሩ ነው፣ የት የት በየዓመቱ እንደሚነድ ያሳያል። ለዚች ቤት ግን የእናቷ አፍንጫ ይቀድማል። ሲደወልልሽ አትዝጊ ብቻ።

አዎ፣ አንድ የረሳሁት፦ መስመሩ ላይ ሳር መልሶ ሲበቅል ፍየሎቹን እዛ እሰሯቸው። የወፍ ቆሎውን ግን እንዳይበሉት፣ ይመርዛል። እሱን ከነሥሩ መንቀል ነው።

የሸዋ በሯ

ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። ጡረተኛው፣ የስልኳ ነገር ገባኝ፣ ይገባኛል።

ትናንት ጉዛ ጠርተን ነበር። አሥራ አራት ሰው መጣ። ልጁን እኔ ራሴ ቤቱ ሄጄ ነው የጠራሁት። መጀመሪያ በሩን አልከፍትም ብሎ ነበር፣ ልከሰው የመጣሁ መስሎት። በኋላ ዶማውን ይዞ መጥቶ እስከ ማታ አንድም ቃል ሳይናገር ቆፈረ። መስመሩ ከገደሉ አፋፍ እስከ ታችኛው መንገድ ደርሷል፣ ስፋቱ ስድስት ሜትር ይሆናል። እማዬን የሚያወጣት እሱ ነው ተብሎ ተወሰነ። ቅርብ ያለው እሱ ነዋ። ወንድሜ አኩርፏል፣ ዛፉን አሁንም ካልሸጥን ነው የሚለው።

አገዳው ነው ያልተሳካው። እማዬ «ከደጄ ካራቃችሁት ሌሊት ይሰረቃል» ብላ ክምሩ ላይ ተቀመጠች። ቃል በቃል ተቀመጠች፣ ነጠላዋን አንጥፋ። ግማሹን ወስደን ግማሹን ትተንላታል። ለቀረው እሁድ እመለሳለሁ።