የሚደነግጥ ውሻ ምልክት ይታሰርለት? የኮንዶሚኒየማችን ክርክር

አወያይ (ኮሚቴ)
ሰላም ጎረቤቶች። የቅዳሜውን ነገር ላልሰማችሁ ባጭሩ ልንገራችሁ። አንድ ልጅ ደረጃ ላይ የጎረቤት ውሻ ሊዳብስ እጁን ሲዘረጋ ውሻው ተወርውሮ እጅጌውን ያዘው። ቆዳው አልተነካም፣ ተመስገን። የውሻው ባለቤት «አትንካው፣ ፈሪ ነው ብዬዋለሁ» ትላለች። ቤተሰቡ ደግሞ «ልጅ መቼ ይሰማል? ቀድሞ የሚታይ ነገር ያስፈልጋል» ይላሉ። አሁን የቀረበው ሐሳብ ይሄ ነው፦ ሰው ሲጠጋው የሚደነግጥ ወይም የሚቆጣ ውሻ ያለው ሁሉ ወደ ውጭ ሲያወጣው ገመዱ ላይ ቢጫ ጨርቅ ይሰር። እሁድ ስብሰባ አለ። እስከዚያ እዚሁ ተከራከሩ። ስድብ የለም። ቮይስም አትላኩ፣ በጽሑፍ ይሁን።

የቦቢ እናት
ሐሳቡን ያመጣሁት እኔ ነኝ። የቅዳሜው ውሻ የኔ አይደለም፣ ነገ ግን የኔ ሊሆን ይችላል።

ቦቢን ያነሳሁት ከመንገድ ነው። ቡችላ እያለ በድንጋይ ተደብድቧል። እዚህ አገር ውሻ ማባረር ሲፈለግ ሁሉም የሚያውቀው ዘዴ አለ፤ ድንጋይ ኖረም አልኖረም ጎንበስ ማለት። የመንገድ ውሻ ያንን ሲያይ ይፈረጥጣል። ቦቢ ግን በገመድ ተይዟል፣ መሸሽ አይችልም። ስለዚህ ይጮሃል፣ ይወረወራል። ሰዉ የጫማውን ክር ሊያስር፣ ልጁን ሊያነሳ ወይም ሊዳብሰው ይጎነበሳል። ለቦቢ ሁሉም አንድ ነው፤ ድንጋይ ሊመጣ ነው።

ቢጫው የኔ ፈጠራ አይደለም። በ2012 እ.ኤ.አ. ስዊድንና ካናዳ ውስጥ ተጀምሮ ወደ ሌሎች አገሮች የተዛመተ ልማድ ነው። «ይናከሳል» ማለት አይደለም፣ «እባካችሁ ራቅ በሉልኝ» ማለት ነው። ውሻው የታመመ፣ ቀዶ ሕክምና ያደረገ፣ ሥልጠና ላይ ያለ፣ ወይም በቃ ፈሪ ሊሆን ይችላል።

ጋሽ ታዴ
ልጄ፣ ቦቢን ማንም አልጠላብሽም። ግን ስዊድንን እዚህ ማን ያውቃታል? ቢጫ አስረሽበት ብትወርጂ ልጆቹ ጊዮርጊስ ነው ቡና ነው ብለው ይሟገታሉ እንጂ አይሸሹም። በመስከረም ደግሞ ለእንቁጣጣሽ ያጌጠ ነው የሚመስላቸው።

የኛ ምልክት የታወቀ ነው። በር ላይ «ኃይለኛ ውሻ አለ» ተብሎ ይጻፋል፣ ሰው ሳያንኳኳ አይገባም። ያ የሚሠራው ሁሉም ስለሚያውቀው ነው፤ ውሻውም አጥር ውስጥ ስለሆነ ነው። ኮንዶሚኒየም ግን አጥር የለውም። የሚያስፈራ ውሻ ያለው ሰው ግቢ ያለው ቤት ይከራይ።

ብሎክ 9
ጋሼ፣ ውሻው ከሞተ ዓመታት አልፈው ጽሑፉ በሩ ላይ የቀረበት ቤት አውቃለሁ። ሌባ እስካሁን ይፈራዋል 😄

የቦቢ እናት
ጋሽ ታዴ፣ በዛሬ ኪራይ ግቢ ያለው ቤት እርስዎ ይፈልጉልኝ።

ሰዓዳ
ክርክራችሁን ከላይ ጀምሬ አነበብኩ። ሁላችሁም የምታወሩት ውሻውን ለመዳበስ ስለሚመጣ ሰው ነው። እኔ ልዳብስ አልመጣሁም፣ ወደ ቤቴ ነው የምሄደው። አራተኛ ፎቅ ነኝ፣ አንድ እጄ ላይ ዘንቢል፣ በሌላው ሕፃን ይዤ ነው የምወጣው። ምራቁ ልብሴን ከነካ ለሶላት መቀየር አለብኝ። ደረጃችን ደግሞ ሁለት ሰው በቅጡ አያሳልፍም። ጨርቁ «ራቂ» ይለኛል። ወዴት ልራቅ? ግድግዳው ውስጥ ልግባ?

ምልክት ስታስሩ ሥራውን ለኔ ሰጣችሁኝ ማለት ነው። ውሻው የናንተ፣ ጥንቃቄው የኔ።

ብሎክ 9
ይሄ ከባድ ነው። መልስ ያለው?

ዳኒ (ቨርጂኒያ)
ቤቴን አከራይቼ ወጣሁ እንጂ ከግሩፑ አልወጣሁም፣ ይቅርታ። እኔም እዚህ የሚደነግጥ ውሻ አለኝ። አበሻ ጎረቤቶቼ ምልክት አያስፈልጋቸውም፣ ውሻ ገና ሲያዩ መንገድ ይሻገራሉ። የሚያስቸግረኝ «ውሾች እኔን ይወዱኛል» እያለ የሚጠጋው ፈረንጅ ነው።

«ቦታ ስጡኝ» የሚል ጽሑፍ ያለበት ሰደርያ ገዝቼለት ነበር። አልተሳካም። አንዳንዱ ሰደርያውን ሲያይ ዓይነ ስውር የሚመራ ውሻ ይመስለዋል። ሌላው ጽሑፉን ለማንበብ አጠገቡ ድረስ መጥቶ ይጎነበሳል! ለዓመታት የጠቀመኝ ሌላ ነው። ሊፍት ሲመጣና ውስጥ ሰው ካለ አልገባም፣ ቀጣዩን እጠብቃለሁ። ኮሪደር ላይ ሰው ካጋጠመኝ እኔ ነኝ የምመለሰው። ሰዓዳ ልክ ነች፤ መራቅ ያለበት ገመዱን የያዘው ሰው ነው።

ኤልያስ (ጠበቃ)
በግል የጻፉልኝ ባለ ውሾች ስላሉ እዚሁ ልመልስ። ፍርሃታቸው «ቢጫ ካሰርኩ ውሻዬ አደገኛ መሆኑን አውቅ ነበር ብዬ በራሴ ላይ መመስከር አይሆንም ወይ?» የሚል ነው። አሜሪካ ውስጥ ጥያቄው ትርጉም አለው፤ በብዙ ስቴቶች ባለቤቱ የውሻውን ጠባይ ያውቅ ነበር ወይ የሚለው ይጣራል። ሜሪላንድ በ2014 እ.ኤ.አ. ባወጣችው ሕግ ግን ውሻው ጉዳት ካደረሰ ባለቤቱ ያውቅ ነበር ተብሎ ይገመታል፤ አላውቅም ነበር የሚለው እሱ ያስረዳ ተባለ።

እኛ ጋ ነገሩ ቀድሞ ያለቀ ነው። የ1952 ዓ.ም. የፍትሐ ብሔር ሕግ ቁጥር 2071ን አንብቡ። እንስሳው ላደረሰው ጉዳት ባለቤቱ ኃላፊ ነው። ሳያስበው ቢያመልጠው እንኳ፣ ጉዳቱን ቀድሞ መገመት ባይችል እንኳ ኃላፊ ነው። ስለዚህ ቢጫ ያሰረም ያላሰረም ተጠያቂ ነው። በተቃራኒው ደግሞ «ምልክት አድርጌ ነበር» ብላችሁ እጃችሁን መታጠብ አትችሉም። ተጎጂው ራሱ ካጠፋ ፍርድ ቤት ያንን ያያል፣ ግን ደረጃ መውጣት ጥፋት አይደለም።

የቦቢ እናት
እሺ፣ ኃላፊነቱን መቼ ካድኩ? እኔ የምለው ግን ምልክት መኖሩ ማንን ጎዳ? የሚያውቀው ይጠነቀቃል፣ የማያውቀው ይጠይቀኛል። ሲጠይቀኝ አስረዳዋለሁ። በር ላይ መጻፍም አንድ ቀን አዲስ ነገር ነበር።

ዶ/ር (የእንስሳት ሐኪም፣ ብሎክ 3)
ይሄን ሁሉ ስትጽፉ የክትባት ካርድ የጠየቀ አንድ ሰው አላየሁም። ከጨርቁ በፊት ካርዱ ይምጣ። የእብድ ውሻ በሽታ ምልክቱ ሰው ላይ አንዴ ከታየ የሚያድን መድኃኒት የለውም ማለት ይቻላል። ጥርስ ቆዳ ከነካ፣ ጭረት ብቻም ቢሆን፣ ቁስሉን 15 ደቂቃ ያህል በሳሙናና በውሃ ማጠብ፣ ከዚያ በቀጥታ ወደ ጤና ጣቢያ። ነጭ ሽንኩርት መቀባት፣ የውሻውን ፀጉር አቃጥሎ መለጠፍ የሚባለውን ተዉት።

ወደ ጥያቄው ልመለስ። ከማንኛውም ጨርቅ በላይ ሰው ሳያስተምሩት የሚረዳው የአፍ መከለያ ነው። ቅርጫት መሰሉን ግዙ፣ ውሻው አፉን ከፍቶ ማለክለክና ውሃ መጠጣት ይችላል። አፉን ጥርቅም አድርጎ የሚያስረው የጨርቁ ዓይነት ለሙቀትና ለረጅም ጉዞ አይሆንም። ቤት ውስጥ በምግብ እያባበላችሁ ቀስ ብላችሁ አለማምዱት።

አንድ ነገር ልጨምር፣ ለልጆቻችሁ ንገሩ፤ ጅራቱን የቆላ ውሻ ሁሉ ደስ ብሎት አይደለም። ሰውነቱ ከደረቀ፣ ከንፈሩን ከላሰ፣ ፊቱን ካዞረ «በቃኝ» እያለ ነው። ብዙ ሰው ይሄን አልፎ ጩኸቱን ሲሰማ ነው የሚነቃው።

የቦቢ እናት
ዶክተር፣ የአፍ መከለያውን ሞክሬዋለሁ። ልጆቹ «አፉ ታስሯል፣ ምንም አያደርግም» ብለው በእንጨት ጎነተሉት። ከዚያ በኋላ ልጆችን ጭራሽ ጠላ። ለልጆቹ አሳልፎ የሚሰጠው ምልክት ይሆንበታል ብዬ ነው ያወለቅኩት።

ጋሽ ታዴ
የጎነተሉትን ልጆች ስም ለኔ ስጪኝ። ያንን እኔ እጨርሰዋለሁ።

ብሎክ 9
ታጥፎ የሚመጣ ሰው የሚታየው ደረጃው ላይ ፊት ለፊት ከተገጣጠማችሁ በኋላ ነው። ቢጫም ይሁን ቀይ፣ ያኔ ምን ይጠቅማል? የሚሰማ ነገር አይሻልም? ባለ ውሻው ከመውረዱ በፊት «ውሻ አለ!» ብሎ ይጣራ። ቆራሌው ስንት ብሎክ ያሰማ የለ?

የቦቢ እናት
ቦቢ እኔ ስጮህ ከሁሉም በላይ ይደነግጣል 😂

ሰዓዳ
ታዲያ ቃጭል እሰሪበት። ትንሽ። እኔ ሦስተኛ ፎቅ ሆኜ ከሰማሁ ልጄን አቅፌ እጠብቃለሁ፣ ወይ አንቺ ትጠብቂያለሽ። ማንበብ የማይችለውም፣ ቢጫ ምን እንደሆነ የማያውቀውም ቃጭል ይሰማል። ማታ መብራት ሲጠፋ ጨርቁ አይታይም፣ ቃጭሉ ግን አለ።

ዶ/ር (የእንስሳት ሐኪም፣ ብሎክ 3)
ይለምደዋል። መጀመሪያ ቤት ውስጥ ለጥቂት ደቂቃ አሰሩለትና ምግብ ስጡት። ድምፁ የሚያስጨንቀው ውሻ ካለ ግን እዚያው ተዉት፣ አታስገድዱት።

የቦቢ እናት
ለደረጃው ቃጭል፣ ለመንገዱ ቢጫ። እኔ በዚህ እስማማለሁ። ቢጫውን ግን አልተውም፣ ሜዳ ላይ ከሩቅ ይታያል።

ጋሽ ታዴ
ቢጫውን እሰሩ አትሰሩ፣ እኔ አልፈርምበትም። ለቃጭሉ አዋጣለሁ። ግን ሌሊት 11 ሰዓት ላይ ቦቢን ስታወጪው እኔን አብሮ እንዳይቀሰቅሰኝ መላ ፈልጊ።

አወያይ (ኮሚቴ)
ለእሁድ የያዝኩት ይሄ ነው፦ የክትባት ካርድ ለኮሚቴው ማሳየት፣ ደረጃ ላይ ቃጭል፣ ቢጫ በፈቃድ። የቀረ አለ?

ሰዓዳ
አለ። ደረጃ ላይ ከተገናኘን ወደ ኋላ የሚመለሰው ባለ ውሻው ነው የሚለው ይጻፍ። እሱ ካልተጻፈ እኔም አልፈርምም።