የፒዛ ሊጥ ስዳምጠው ይሰበሰባል፣ ሲጋገር ደግሞ ይደርቃል፤ ምን ላድርግ?

የሚጣ እናት
ሰላም ለሁላችሁ። 3 ኩባያ ፉርኖ ዱቄት፣ 1 ኩባያ ለብ ያለ ውሃ፣ 1 የሾርባ ማንኪያ ደረቅ እርሾ፣ ጨውና ትንሽ ስኳር ነው የተጠቀምኩት። ሊጡ እጄ ላይ ስለተጣበቀ ዱቄት እየነሰነስኩ አሸሁት። በግማሽ ሰዓት ኩፍ አለ፤ በመዳመጫ ስዘረጋው ግን ተመልሶ ይሰበሰባል። 180 ዲግሪ ላይ 25 ደቂቃ ጋገርኩት፤ ዳሩ እንደ ብስኩት ተሰባበረ። ያለሁት አዲስ አበባ ነው፣ ኦቨኔ እስከ 250 ይደርሳል። ስህተቱ የቱ ጋ ነው?

ዳቦ ጋጋሪው
እህቴ፣ ልኬትሽ ብዙም ክፉ አልነበረም፤ ያበላሸው ኋላ የነሰነስሽው ዱቄት ነው። የፒዛ ሊጥ መጀመሪያ ላይ መጣበቅ አለበት። በኩባያ መለካቱንም ተዪው፤ ዱቄቱ ተጠቅጥቆ ከተሞላ በአንድ ኩባያ 30 ግራም ያህል ልዩነት ያመጣል። በሚዛን እንዲህ አድርጊ፦ ዱቄት 500 ግራም፣ ውሃ 310 ሚሊ ሊትር፣ ጨው 10 ግራም፣ ደረቅ እርሾ 3 ግራም (አንድ ልክ የሻይ ማንኪያ)፣ ዘይት 1 የሾርባ ማንኪያ። ስኳር የግድ አይደለም። እርሾ ስል የዳቦውን ማለቴ ነው፤ የጤፍ ሊጥ እርሾ እዚህ አይሆንም።

መጀመሪያ ዱቄቱን፣ እርሾውንና ውሃውን ብቻ አዋህደሽ፣ ደረቅ ዱቄት እንዳይቀር አድርገሽ፣ ከድነሽ 20 ደቂቃ ተዪው። ዱቄቱ ውሃውን እስኪጠጣ ነው። ከዚያ ስትመለሺ መጣበቁ በግማሽ ቀንሶ ታገኚዋለሽ። ጨውና ዘይቱን ጨምረሽ 8 ደቂቃ እሺው። እጅሽ ላይ ካስቸገረ ዱቄት ሳይሆን ዘይት ቅቢ። መድረሱን ለማወቅ ትንሽ ቆርሰሽ በጣቶችሽ ቀስ እያልሽ ሳቢው፤ ሳይበጠስ ብርሃን እስኪያሳልፍ ከሳሳ በቃ። ከተበጠሰ 5 ደቂቃ አሳርፈሽ እንደገና እሺው።

ውሃው እጅ ሲነካው ለብ ያለ ብቻ ይሁን። እጅ የሚለበልብ ከሆነ እርሾውን ይገድለዋል፣ ሊጡም ቀኑን ሙሉ ቢቀመጥ አይነሳም።

የእርሾሽ መጠን ከሚያስፈልገው ሦስት እጥፍ ይሆናል። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል በላይ ከ2,300 ሜትር በላይ ስለሆነች የአየሩ ግፊት ዝቅ ያለ ነው፤ እርሾው የሚያወጣው ጋዝ ሊጡን በቀላሉ ይነፋዋል። ቶሎ ኩፍ ያለ ሊጥ ደግሞ ጣዕም ለማውጣት ጊዜ አያገኝም። ስለዚህ ሰዓት አትቁጠሪ፤ እጥፍ ሲሆን ይበቃዋል።

እቴቴ ጓዳ
መሰበሰቡን በተመለከተ፦ ሊጥ ሲታሽ ይወጠራል፣ የሚላላው ሲያርፍ ነው። ኩፍ ካለ በኋላ በ3 ከፍለሽ አድቦልቡይ (አንዱ 275 ግራም ገደማ ይመጣል)፣ ዘይት የተቀባ ትሪ ላይ ደርድረሽ በእርጥብ ፎጣ ሸፍነሽ 30 ደቂቃ ተዪው። ሳይሸፈን ከቀረ ፊቱ ቅርፊት ያወጣና ስትዘረጊው ይሰነጠቃል። ስትዘረጊም መዳመጫውን ተዪው፤ የያዘውን አየር ሁሉ ያስወጣል። ከመሃል ወደ ዳር በጣቶችሽ ጫፍ እየተጫንሽ፣ የዳሩን አንድ ጣት ስፋት ሳትነኪ አስፊው። እንደገና መሰብሰብ ከጀመረ አትታገዪው፤ 10 ደቂቃ ሸፍነሽ ተመለሺ፣ ራሱ ይታዘዛል።

ብስኩት ያደረገው 180 ዲግሪው ነው። በዝቅተኛ ሙቀት ረጅም ጊዜ ሲቆይ ከመቅላቱ በፊት ውሃው ተንኖ ያልቃል። ኦቨኑን 250 ላይ አድርገሽ፣ ወፍራም ትሪ ገልብጠሽ ውስጡ አስቀምጠሽ፣ ቢያንስ 30 ደቂቃ አግዪው። ፒዛውን በመጋገሪያ ወረቀት እንዳለ የጋለው ትሪ ላይ አንሸራትቺው፤ ከ8 እስከ 10 ደቂቃ ይበቃዋል። ሶሱ ለአንዱ ከ3 የሾርባ ማንኪያ አይብለጥ፣ ቲማቲሙም ውሃው ይመጠጥ፤ አለዚያ መሃሉ ሊጥ እንደሆነ ይቀራል።

ጀማሪ ነኝ
ኦቨን ለሌለንስ? በኤሌክትሪክ ምጣድ ይሆናል?

እቴቴ ጓዳ
ይሆናል፤ ግን ሙቀቱ ከስር ብቻ ስለሆነ አንዴ መገልበጥ አለበት። ሊጡን ሳሳ አድርገህ በጋለ ምጣድ ላይ 2 ደቂቃ ያህል አብስለው፣ ነጠብጣብ ሲያወጣ ገልብጠህ የበሰለው ፊት ላይ ሶስና ቺዙን አድርግና ክደነው። ቺዙ እስኪቀልጥ 4 ወይም 5 ደቂቃ ነው፤ መቅላት ግን አይቀላም። ክዳኑን ስታነሳ የቋጠረው ውሃ ፒዛው ላይ እንዳይንጠባጠብ ወደ ጎን አዘንብለው። እንጀራ የሚጋገርበት ምጣድ ከሆነ ዘይትና ሶስ አታስነካው፤ ወፍራም መጥበሻ ይሻላል።

የሚጣ እናት
እግዚአብሔር ይስጥልን! ሊጡ ለነገ ይቀመጣል?

ዳቦ ጋጋሪው
እንዲያውም ይጣፍጣል። እርሾውን ወደ ግማሽ የሻይ ማንኪያ ቀንሺ፣ አሽተሽ እንደጨረስሽ ዘይት በተቀባ ክዳን ባለው ዕቃ ፍሪጅ ክተቺው፤ ዕቃው ሊጡን እጥፍ የሚይዝ ይሁን። እስከ 3 ቀን ይቆያል። ከመዘርጋትሽ 2 ሰዓት ቀድመሽ አውጥተሽ አድቦልቡይው፣ ቀዝቃዛ ሊጥ አይዘረጋም። ወተትም ቅቤም ስለሌለበት ለጾም ጊዜም ይሆናል፤ ከላይ እንጉዳይ፣ ቃሪያና ሽንኩርት በዘይት ጠበስ አድርገሽ ብቻ ጨምሪበት፣ ጥሬውን ከሆነ ውሃ ይለቃል።