ጥያቄ፦ በ1906 ኒው ዮርክ የነበረ ተዋናይ ከቅጥር እስከ ስንብት (ደሴ ላይ ለሚታይ ተውኔት)

የሰኞ ገበያዋ

ሰላም ለዚህ ቤት። ደሴ ላይ የሚታይ የአንድ ሰዓት ተኩል ተውኔት እየተጻፈ ነው። ባለታሪኩ ልብ ወለድ ነው፤ በ1906 (በእኛ 1898) ኒው ዮርክ የሚኖር ጥቁር አሜሪካዊ ተዋናይ። ዓመቱ የተመረጠው በርት ዊልያምስና ጆርጅ ዎከር «አቢሲኒያ» የተባለውን ሙዚቃዊ ተውኔት ያሳዩበት ስለሆነ ነው።

ረቂቁ ላይ ሰውዬው ሙሉውን ድርሰት ተቀብሎ ያነባል፤ በልምምድ ጊዜ በየሳምንቱ ደመወዝ ይቀበላል፤ ሲበደል ማኅበሩ ጠበቃ ያቆምለታል፤ ከዚያ በየከተማው እየዞረ ይጫወትና ታዋቂ ይሆናል። የማያስኬደው የቱ ነው? ልብሱንስ የሚገዛው ማን ነበር? ሁለተኛ፣ ዊልያምስ ራሱ ጥቁር ሆኖ ፊቱን ጥቁር ይቀባ ነበር ይባላል። በምን? እኛስ እንዴት እናሳየው? ያለን ስምንት ተዋናይ፣ ሁለት ስፖት መብራትና አንድ የጨርቅ መጋረጃ ነው። ጋሼ መጋረጃ እዚህ ካሉ ቢመልሱልኝ ደስ ይለኛል።

(ከዚህ በታች ዓመቱን እንደ ፈረንጅ ብትጽፉልኝ ይቀለኛል።)

መጋረጃ

አብሽሪ እህቴ፣ ረቂቁ ይድናል። ግን ከዘረዘርሻቸው ውስጥ በ1906 የሚያስኬደው በየከተማው መዞሩ ነው።

ሙሉ ድርሰት ተዋናይ እጅ አይገባም ነበር። የሚሰጠው የራሱ ንግግር ብቻ የተገለበጠበት ቀጭን ጥራዝ ነው። ከእያንዳንዱ ንግግር በፊት የባልደረባው የመጨረሻ ሦስት አራት ቃል ይጻፋል፤ እሷን ሲሰማ ይቀጥላል። ማስገልበጥ ገንዘብ ይፈጃል፤ ሙሉው ጽሑፍ ከወጣ ደግሞ ሌላ ቡድን ሰርቆ ይጫወተዋል። ተዋናዩ ታሪኩ የት እንደሚደርስ የሚያውቀው ልምምድ ላይ ቆሞ ሲሰማ ነው። ያቺ መነሻ ቃል በተውኔቱ ውስጥ ሁለት ቦታ ከመጣች ያለቦታው ይገባና ግማሹን ትዕይንት ይዘለዋል። የመጀመሪያውን ትዕይንት በዚህ ብትከፍቺው ያስቃልም፣ ዘመኑንም ያሳያል።

ልምምድ ያለ ክፍያ ነው። ለስንት ሳምንት እንደሆነ ወሳኙ አስተዳዳሪው ነበር፤ ሙዚቃዊ ሲሆን ከድራማ ይረዝማል። ለሁለት ወር ተለማምደው የተከፈተ ሥራ በሳምንቱ ቢዘጋ፣ ተዋናዩ ይዞ የሚወጣው የአንድ ሳምንት ደመወዝ ነው። በሕማማት ሳምንትና ከገና በፊት ባለው ሳምንት ተመልካች ያንሳል ተብሎ ደመወዝ በግማሽ ይቆረጥ ነበር። የጨዋታው ቁጥር ግን አይቆረጥም።

ልብሱ የዘመኑ ከሆነ ከተዋናዩ ኪስ ነው፦ ሱፉ፣ የማታ ልብሱ፣ ጫማው። ሴቶቹ ላይ ይብሳል፤ በእያንዳንዱ ገቢር ቀሚስ ይቀየራላ። ጥሩ ሻንጣ ልብስ ያላት ሴት ጥሩ ችሎታ ካላት ቀድማ ልትቀጠር ትችላለች። ሻንጣው ራሱ አንድ ገጸ ባሕርይ ይሁንልሽ እላለሁ።

ማኅበሩን አውጪው። አክተርስ ኢኩዊቲ የተመሠረተው ሜይ 26 ቀን 1913 ነው፤ 112 ተዋንያን ኒው ዮርክ ውስጥ አንድ ሆቴል ተሰብስበው። በ1906 ለተበደለ ተዋናይ የሚደርስለት አቅም ያለው ማኅበር አልነበረም። በ1919 አድማ መትተው ነው መልክ የያዘው፤ ከዚያ ወዲህ ለልምምድም ይከፈላቸው ጀመር።

ሐረጎ

ስለ መዞሩ እኔ ልጨምር፤ የተዋናዩ ዕጣ የሚቆረጠው እዚያ ላይ ነው።

በ1896 ስድስት ሰዎች ተስማሙ፦ ቻርልስ ፍሮማን፣ አል ሄይማን፣ ማርክ ክሎ፣ ኤብራሃም ኧርላንገር፣ ሳሙኤል ኒክሰንና ፍሬድሪክ ዚመርማን። ሲንዲኬት ይባላሉ። የያዙት ተዋናዩን አይደለም፤ የአዳራሾቹን ቀጠሮ ነው። በእኛ አገር አስቢው፦ ቡድንሽ ከደሴ ተነሥቶ ኮምቦልቻ፣ ከሚሴ፣ ከዚያ ተመልሶ ሐይቅ፣ ወልዲያ ሊጫወት ነው። የከሚሴና የወልዲያ አዳራሽ ቀጠሮ በአንድ ሰው እጅ ከሆነ ኮምቦልቻ ላይ የሌላ ሰው አዳራሽ ብትከራዪ ሁለቱንም ይዘጋብሻል። መሐል ላይ አንድ ሌሊት ባዶ ከሆነ ደግሞ ቀለቡና መኝታው ያለ ገቢ ይቀጥላል። ሲንዲኬቱ እንዲህ ነበር የሚሠራው፤ ወይ ሁሉንም በእኔ አስይዝ፣ ወይ መንገድ የለህም።

እምቢ ያሉም ነበሩ። ሚኒ ማደርን ፊስክ አዳራሽ ሲዘጋባት የበረዶ ሸርተቴ መጫወቻ ቤት ሳይቀር ተጫውታለች። ሣራ በርናር ከፈረንሳይ መጥታ በ1906 ቴክሳስ ውስጥ በድንኳን አሳየች። በኋላ ሹበርት የሚባሉት ወንድማማቾች ከሰራኪዩስ መጥተው የራሳቸውን አዳራሾች ሲሰበስቡ ሲንዲኬቱ ተነቃነቀ። ተዋናዩ ነፃ ወጣ ማለት ግን አይደለም፤ ጌታው ሁለት ሆነለት እንጂ።

ለትዕይንትሽ የሚሆን ዝርዝር፦ ወቅቱ ከነሐሴ መጨረሻ እስከ ግንቦት ነው። በበጋቸው አዳራሹ ስለሚግል (ማቀዝቀዣ የለም) ይዘጋል። ተዋናዩ በዚያ ጊዜ ኒው ዮርክ ተመልሶ በየአስተዳዳሪው ቢሮ ደጅ ይጠናል። ትንሽ ከተማ ላይ አንድ ማታ ብቻ ነው የሚጫወቱት፤ ጨዋታው ሲያልቅ የመድረኩን ሥዕል (ከተዋንያኑ ኋላ የሚሰቀለውን ቀለም የተቀባ ጨርቅ) አውርዶ፣ ጠቅልሎ፣ ባቡር ላይ ጭኖ ሌሊቱን መጓዝ። ጁሊየስ ካን የሚባል ሰው በየዓመቱ የሚያሳትመው መመሪያ ነበር፤ በየከተማው ያለውን አዳራሽ፣ የመድረኩን ስፋት፣ ባቡሩን፣ ሆቴሉን ይዘረዝራል። አናጢው እሱን አይቶ ነው ሥዕሉ በበር ይገባ አይገባ የሚያውቀው። ቡድኖች የት እንዳሉ ደግሞ «ድራማቲክ ሚረር» የሚባለው ሳምንታዊ ጋዜጣ ይዘረዝር ነበር፤ ለተዋናይ ደብዳቤ መላክ የሚቻለው በእሱ ነው።

ዋናው አደጋ መንገድ ላይ መቅረት ነው። ሁለት ሦስት ማታ ገቢ ካነሰ አስተዳዳሪው ሣጥኑን ይዞ ይሰወራል፤ ተዋናዩ ከቤቱ አንድ ሺህ ኪሎ ሜትር ርቆ የሆቴል ዕዳ ይዞ ይቀራል። የመመለሻ ትኬት ማን ይከፍላል የሚለው ጥያቄ በኢኩዊቲ ውል ውስጥ የገባው ለዚህ ነው።

ባለታሪክሽ ጥቁር ስለሆነ በዚህ ሁሉ ላይ ሌላ ሸክም አለበት። ደቡብ ላይ ባቡሩ በሕግ የተለየ ነው፤ ሆቴል አይቀበለውም፤ ማደሪያ የሚገኘው ጥቁሮች ቤት ነው። ኒው ዮርክ ውስጥ ግን በምዕራብ 53ኛ መንገድ ማርሻል ሆቴል ነበር፤ የጥቁር ሙዚቀኞችና ተዋንያን መገናኛ። ሥራ የሚፈልግ ሰው ትዕይንት እዚያ ቢሆን ያምርበታል።

ላቮራቶሪ

ጋሼ መጋረጃን አንድ ቦታ ላርማቸው። አድማው ከኦገስት 7 እስከ ሴፕቴምበር 6 ቀን 1919 ቆየ፤ ያስገኘውም የውል መልክ፣ በሳምንት ስምንት ጨዋታ የሚል ገደብና በነፃ የሚለማመዱበት ጊዜ ጣሪያ ነው። ለልምምድ መከፈል የጀመረው በ1935 ነው። ስለዚህ ታሪኩ ወደ 1920ዎቹ ቢወሰድም ልምምዱ ያው ያለ ደመወዝ ነው።

መጋረጃ

ልክ ነህ ወንድሜ፣ አዋህጄው ነው። ተቀብያለሁ።

ሜካፕ ክፍል

የሚቀባው የተቃጠለ ቡሽ ነው። ቡሽ ስል የወይን ጠርሙስ መክደኛውን ነው፤ ቆርኪ አይደለም፤ ኮምቦልቻ ላይ ሁለቱ ሲምታቱ ይሰማል። ቡሹ እስኪከስል ይቃጠላል፣ ይደቃል፣ በጥቂት ውሃ ይለወሳል፣ ቅባት ባልነካው ደረቅ ፊት ላይ በእጅ ይቀባል። ከሥር ቅባት ካለ አይይዝም፤ ላብ ሲወርድ ይዥጎረጎራል። የሚለቀው በሳሙናና በውሃ ነው። ሌሎቹ ተዋንያን የሚቀቡት የቅባት ቀለም ግን (የጀርመኑ ላይሽነር በቁጥር እየለየ የሚሸጠው ጣት መሳይ ደረቅ ቅባት የታወቀ ነበር) በሳሙና ብቻ አይለቅም፣ ክሬም ይፈልጋል። የመልበሻ ክፍል ትዕይንት ካለሽ ጠረጴዛው ላይ ሁለቱም ይቀመጡ።

ለምን ይቀባል ቢባል፦ ከ1830ዎቹ ጀምሮ ነጭ ተዋንያን ፊታቸውን አጥቁረው በጥቁሮች ሲያሾፉ ቆይተዋል። ከዚያ በኋላ መድረክ ላይ ለመውጣት የፈለገ ጥቁር ተመልካቹ የለመደውን ጭምብል ለብሶ ውጣ ተባለ። ዊልያምስ በ1874 ናሳው፣ ባሃማስ የተወለደ፣ መልኩ ቀይ ዳማ የነበረ ሰው ነው፤ አጥቁሮ፣ ንግግሩንም ለውጦ ነበር የሚወጣው። ዎከር ግን አይቀባም፤ ዘናጭ ልብስ ለብሶ ነበር የሚጫወተው። ሁለቱን ጎን ለጎን ማቆም ብቻውን ብዙ ይናገራል።

እናንተ ሙሉ ፊት አትቀቡ። ደሴ ያለ ተመልካች የነገሩን ሥር ስለማያውቀው እንደ ቀልድ ብቻ ያየዋል። ባዶ የመስታወት ፍሬም አንጠልጥሉ፤ ተዋናዩ ፊቱን ወደ ሕዝቡ አድርጎ ከፍሬሙ ጀርባ ይቀመጥ፤ በአንድ ስፖት ከጆሮ እስከ አገጭ አንድ መስመር ይሳብና መብራቱ ይጥፋ። ለዚህ አንድ ቡሽ ይበቃል። የወጥ ቤት ከሰል አትጠቀሙ፣ ቆዳ ይጭራል። ጥላሸት በዘይት ደግሞ የነጭ ሸሚዝ ኮሌታ ላይ ከያዘ አይወጣም። በቡሽም ቢሆን አንገቱ ላይ ጨርቅ ይደረግ፤ ከአንድ ቀን በፊት ክንዱ ላይ ይሞከር።

የሰኞ ገበያዋ

አላህ ይስጥልኝ፣ ይህን ሁሉ አልጠበቅኩም። ስለ «አቢሲኒያ» ራሱ የሚያውቅ አለ? መጨረሻውንስ ምን ላድርገው? ታዋቂ ይሆናል የሚለው አሁን ውሸት መሰለኝ።

ሐረጎ

«አቢሲኒያ» የተከፈተው ፌብሩዋሪ 20 ቀን 1906 ኮለምበስ ሰርክል ላይ በነበረው ማጀስቲክ ቲያትር ነው። ከአድዋ አሥር ዓመት መሆኑ ነው፤ ምኒልክ በሕይወት አሉ፣ ደሴ ላይ ራስ ሚካኤል ናቸው። ጽሑፉ የጄሲ ሺፕና የአሌክስ ሮጀርስ፣ ሙዚቃው የዊል ማሪዮን ኩክና የዊልያምስ ነው። ኒው ዮርክ ላይ 31 ጊዜ ታይቶ ወደ መንገድ ወጣ። ታሪኩ ሎተሪ የደረሳቸው ጥቁር አሜሪካውያን አገራችንን ሊጎበኙ ይመጣሉ የሚል ነው። ዎከር የተጫወተው ሰው ራስታስ ጆንሰን ይባላል፤ ስሙ ሲያጥር «ራስ» ነው! ደሴ ላይ ይህን ሳትናገሪ እንዳታልፊ። ኤይዳ ኦቨርተን ዎከር ሚርያም የምትባል የገበያ ልጅ ሆናለች። ዊልያምስ የተጫወተው ሰው በስርቆት ተከስሶ እጁ ሊቆረጥ ምኒልክ ፊት ይቀርባል፤ ፍርዱ የሚታወቀው በሚመታው ደወል ቁጥር ነው። በየምቱ መሐል ያለውን ዝምታ ዊልያምስ በፊቱ ብቻ ነበር የሚሞላው። ስፖታችሁን ለዚህ አስቀምጡ፤ በ1914 በዚግፌልድ ፎሊስ (ኒው ዮርክ ውስጥ በየዓመቱ ይቀርብ የነበረ የዘፈንና የቀልድ ትርኢት) ላይ ብቻውን ሆኖ ያለ አንድ ቃል የካርታ ጨዋታ ያሳየውም በዚያው ችሎታ ነው።

ላቮራቶሪ

ለመጨረሻው እውነተኛ የሆኑ ሁለት ሦስት መንገድ አለሽ፤ ምረጪ። ዎከር በ1909 ታሞ መድረክ ለቀቀ፤ ባለቤቱ ኤይዳ የእሱን ልብስ ለብሳ ቦታውን ሸፈነች፤ በ1911 ሞተ። ዊልያምስ በ1910 ፎሊስ ገባ፤ ነጮች በሞሉበት ቡድን ውስጥ ባለ ስም ሆነ፣ አብሬው አልሠራም ያሉም ነበሩ። በፌብሩዋሪ 1922 ዲትሮይት ላይ እየተጫወተ ወደቀ፤ ማርች 4 ኒው ዮርክ ውስጥ በ47 ዓመቱ አረፈ።

ቀልድ ሳይሆን ድራማ ከሆነ የምትፈልጊው ቻርልስ ጊልፒንን ተመልከቺ። በ1878 ሪችመንድ፣ ቨርጂኒያ ተወለደ፤ በሁለት ሥራ መሐል ማተሚያ ቤት ሠርቷል፣ ባቡር ላይ አስተናግዷል፣ አሳንሰር አንቀሳቅሷል። ቺካጎ በጥቁር ባለቤት በተያዘው ፔኪን ቲያትር፣ ከዚያ ሐርለም በላፋየት ተዋንያን ቡድን ተጫወተ። እዚያ ተውኔቱ በየሳምንቱ ይቀየራል፤ ጠዋት የሚቀጥለውን እየተለማመዱ ማታ የያዙትን ይጫወታሉ፤ ቃል የሚጠፋውም ለዚያ ነው። በ1920 የዩጂን ኦኒልን «ዘ ኤምፐረር ጆንስ» ተጫውቶ ገነነ። ጥቁርን የሚሰድበውን ቃል አልናገርም ብሎ በሌላ ቃል ሲቀይር ከደራሲው ጋር ተጣላ፤ ተውኔቱ ለንደን ሲሄድ ቦታው ለሌላ ጥቁር ተዋናይ፣ ለፖል ሮብሰን ተሰጠ። በ1930 አረፈ።

መጋረጃ

እኔ ብሆን የጊልፒንን እወስዳለሁ። የተሰጠውን ቀጭን ጥራዝ ከፍቶ አንዲት ቃል በእርሳስ ሲሰርዝ፣ መነሻ ቃሉ ሲመጣ ዝም ሲል፤ ከመጀመሪያው ትዕይንት ጋር ይገጥማል፣ ወጪም የለውም። እርሳሱ ግን ወፍራም ይሁን፤ ከኋላ ወንበር አይታይም።