ከደሴ የመጣ አንድ ዴሞ፦ መብራት የጠፋበት ዜማ ይቆረጥ ወይስ ይቆይ?

የቤዝ ክር፣ ደሴ

ጤና ይስጥልኝ የሙያ ባልደረቦቼ። ከ15 ዓመት በላይ በሠርግ ድንኳንና በሆቴል መድረክ ቤዝ ጊታር ስጫወት የኖርሁ ሰው ነኝ፤ በሰው ሥራ ላይ በአደባባይ አስተያየት መስጠት ግን ልማዴ አልነበረም። ባለፈው ወር ቧንቧ ውሃ አካባቢ በተከራዩት አንድ ክፍል ውስጥ የሚለማመዱ ስድስት ወጣቶች ሰባት ዜማዎች የያዘ ዴሞ (ለናሙና የተቀረጸ ሥራ) በፍላሽ ሰጡኝና፣ ከዚያን ዕለት ወዲህ ሌላ ሙዚቃ ስሰማ ጆሮዬ እየተመለሰ ወደ እነርሱ ይሄድብኛል። ቡድኑ ገና ስም አላወጣም። ማሲንቆ፣ ከበሮ፣ ድራም፣ ኤሌክትሪክ ጊታር፣ ቤዝና ኪቦርድ አላቸው፤ የሚዘፍነው ማሲንቆ ተጫዋቹ ነው። የወሎን ቅኝቶች ከሬጌ፣ ከሮክና ከራፕ ጋር አዋሕደናል ሲሉኝ፣ እውነቱን ለመናገር፣ ገና ሳልሰማው ደክሞኝ ነበር፤ በእኛ አገር ‹‹ቅልቅል›› የሚባለው አብዛኛውን ጊዜ የታወቀ የባህል ዜማ በኮምፒውተር ምት ላይ ጭኖ መሃል ላይ ማሲንቆን ለ20 ሰከንድ ማስጮህ ነውና።

ሐሳቤን ያስለወጠኝ ሦስተኛው ዜማ ነው። የተሠራው በአንቺሆዬ ቅኝት ነው። የአንቺሆዬ ድምፆች ዶ፣ ዝቅ ያለ ሬ፣ ፋ፣ ዝቅ ያለ ሶልና ላ በመሆናቸው፣ ጊታር ተጫዋች የለመደውን ኮርድ (አብረው የሚመቱ ድምፆች) በዶ ላይ ልሥራ ቢል የሚደገፍበት ሶል አያገኝም፤ በቅኝቱ ውስጥ ተሟልተው ከሚያገኛቸው የታወቁ ኮርዶች አንዱ ፋ፣ ላና ዶ የሚሠሩት ነው፤ እርሱን ደጋግሞ ከመታ ደግሞ ጆሮ ፋን እንደ ቤቱ ይቀበልና አንቺሆዬው ይጠፋል። ይህ ልጅ ኮርዱን ጨርሶ ትቶታል። ሁለት ሁለት ድምፅ ብቻ ይነካል፤ ዶን ከፋ ጋር፣ ዝቅ ያለውን ሬ ከዝቅ ያለው ሶል ጋር፤ ያንንም በሬጌ ልማድ በምቱ ጀርባ ላይ ቆረጥ ቆረጥ እያደረገ ነው። ቤዙ ከዶ አይነቃነቅም። እኔ ብሆን ኖሮ በሁለተኛው ደቂቃ ላይ መንቀሳቀሴ አይቀርም ነበርና የቤዝ ተጫዋቹን ትዕግሥት ቀንቼበታለሁ።

ምቱም እንዲሁ የታሰበበት ነው። ከበሮው ስድስት ስድስት እየቆጠረ የለመድነውን ችክችካ በዝግታ ይሄዳል፤ ድራሙ ግን የሬጌን አራት ምት ይዞ፣ የመጀመሪያውን ምት ባዶ ትቶ በሦስተኛው ላይ ብቻ ያርፋል። እያንዳንዱ የሬጌ ምት ሦስት የከበሮ ምቶችን ስለሚይዝ፣ ድራሙ የሚወድቅበት ሦስተኛ ምት ከከበሮው ሁለተኛ ዙር መነሻ ጋር ይገጥማል፤ ስለዚህ አንዱን ዙር ከበሮው ብቻውን ይከፍተዋል፣ ቀጣዩን ከድራሙ ጋር ይከፍቱታል። ሬጌውም ችክችካውም ሳይጎዱ የሚገናኙበትን አንዲት ቦታ ፈልገው አግኝተዋል ማለት ነው።

ጥያቄዬ የሚመለከተው ግን ስድስተኛውን ነው። በአምባሰል ቅኝት የተሠራ፣ በሮክ አካሄድ የሚከብድ ዜማ ነው። 2 ደቂቃ ከ40 ሰከንድ ላይ ሲደርስ መብራት ይጠፋል። ኪቦርዱ፣ ጊታሩና ቤዙ በአንድ ቅጽበት ይሞታሉ፤ ድራም ተጫዋቹም ደንግጦ ያቆማል፤ ላፕቶፑ ግን በባትሪ መቅረጹን ስለቀጠለ ማሲንቆው፣ ድምፁና ከበሮው ይሰማሉ። ለአንድ ደቂቃ ያህል ሦስቱ ብቻቸውን ሄደው፣ ድራሙ በቀስታ በጠርዙ እየነካ ይመለስና እንዲያው ይጨርሳሉ። በእኔ ጆሮ የዴሞው ምርጥ ክፍል ይህ ነው። ወጪውን ሊሸፍንላቸው ቃል የገባ አንድ ሰው ግን ሁሉም ዜማዎች በክሊክ (ፍጥነቱን በሚጠብቅ የጆሮ ምት) እንደገና እንዲቀረጹ፣ ድምፁና ማሲንቆው ድምፅ በሚያቃናው ኦቶቱን እንዲስተካከሉ፣ ይህ ክፍልም እንዲወጣ ይፈልጋል። ልጆቹ ምክር ጠይቀውኛል። በፈቃዳቸው ሙሉውን ዴሞ አያይዣለሁ፤ እናንተ ምን ትላላችሁ?

ባለማሲንቆው፣ ጎንደር

ወንድሜ፣ ስላካፈሉን አመሰግናለሁ። ሦስተኛውን ዜማ እንደ እርስዎ ወድጄዋለሁ፤ ስለ ስድስተኛው ግን ምናልባት ያላስተዋሉት ነገር አለ። መብራቱ ከመጥፋቱ በፊት ያለውን አንድ ደቂቃና ከጠፋ በኋላ ያለውን አንድ ደቂቃ እያፈራረቁ ይስሙ። ኪቦርዱ ሳለ ልጁ ጣቱን በኪቦርዱ ልክ ያሳርፋል፤ ኪቦርዱ ከሞተ በኋላ ሁለት ጊዜ እንኳ ደጋን ሳይስብ፣ ዝቅ ያለው ሬ ይበልጥ ወርዶ ወደ ዶ ይጠጋል። ይህን ያደረገው አስቦ አይመስለኝም። የሚያዳምጠው ቋሚ ድምፅ ሲጠፋ ጣቱ ወደ ለመደበት ቦታ ተመለሰ፤ እርስዎ ‹‹ምርጥ ክፍል›› ያሉት በከፊል ይህ ይመስለኛል።

እኛ ማሲንቆ ተጫዋቾች አንዲት ክር ነው ያለችን፤ በአንገቱ ላይ የጣት መከፋፈያ የለም፤ ድምፁ ያለው ጣታችን በነካው ቦታ ነው። ኦቶቱን የተባለው ፕሮግራም በተለመደው አሠራሩ ድምፁን በ12ቱ እኩል ክፍፍሎች ወደ አንዱ ይጎትታል፤ ከአንዱ ወደ ሌላው ስንንሸራተት የምናሳልፈውን መንገድ ሁሉ እንደ ስህተት ይቆጥረዋል። እኔ ራሴ ከጥቂት ዓመታት በፊት በአንድ ስቱዲዮ የተጫወትሁት ተስተካክሎ ሲሰጠኝ የራሴን እጅ መለየት አቅቶኝ ነበር፤ ጥሩምባ ይመስል ነበር።

ከዚያ ይልቅ ኪቦርዱን ይቃኙት። ብዙ ኪቦርዶች፣ በተለይ ለአረብ ሙዚቃ እንዲያገለግሉ የተሠሩት፣ እያንዳንዱን ድምፅ ለብቻው ዝቅና ከፍ ማድረግ ያስችላሉ፤ ግማሽ ድምፅ በ100 ተከፋፍሎ ስለሚቀርብ፣ ልጁ ብቻውን የሚጫወተውን ሬ እየሰሙ 15 ወይም 20 ያህል በማውረድ ሊጀምሩ ይችላሉ። ልኩን ጆሯቸው ይንገራቸው።

አሮጌው ሳክስፎን፣ አዲስ አበባ

ልጄ፣ ዴሞውን ሁለት ጊዜ ሰምቼዋለሁ። ሦስተኛው መልካም ነው፤ ስድስተኛውም ይቆይ፤ በዚህ አልከራከርህም። ነገር ግን ከሰባቱ ሁለቱን እያመሰገንህ ሌሎቹን ዝም ብለህ ማለፍህ ልጆቹን አይጠቅማቸውም።

ቅልቅል ለእኛ አዲስ ነገር አይደለም። ሙላቱ አስታጥቄ በ1960ዎቹ አጋማሽ እ.ኤ.አ. ኒውዮርክ ሆኖ የአገሩን አምስት ድምፆች ከላቲን ምትና ከጃዝ ጋር ሲያገናኝ፣ ትልቁ ሥራው መጨመር ሳይሆን ቅኝቱ እንዳይዋጥ ከሥሩ የሚገባውን ስምምነት መምረጥ ነበር። ጌታቸው መኩሪያም ሽለላንና ፉከራን በሳክስፎን ሲያመጣ የጃዝን ጌጥ አልደረበበትም፤ የጀግናውን ትንፋሽና ቁጣ ወደ መሣሪያው አዛወረ። ለዚህም ይመስለኛል ከብዙ ዓመታት በኋላ፣ በ2006 እ.ኤ.አ.፣ ዘ ኤክስ ከተባለው የሆላንድ የሮክ ቡድን ጋር አልበም ሲሠራ ከዚያ ሁሉ የጊታር ጩኸት መካከል ራሱን ሆኖ የተሰማው።

አሁን አምስተኛውን ስማው። በባቲ ቅኝት ጀምሮ መሃል ላይ ራፕ ይገባል። ራፑ ሲጀምር ማሲንቆው ይቆማል፣ ከበሮው ይቆማል፣ ቤዙም ሌላ ነገር ይጫወታል፤ ራፑ ሲያልቅ ሁሉም ወደ ቦታው ይመለሳል። ሁለት ወጥ በአንድ እንጀራ ላይ ስለወጣ ተዋሕዷል አይባልም። ግጥሙም ደካማ ነው። ወሎ ሰሙና ወርቁ በሁለት መስመር የሚያልቅ ግጥም በየሠርጉ የሚፈስበት አገር ሆኖ ሳለ፣ ይህ ልጅ ‹‹እኔ ነኝ›› እያለ 16 መስመር ይሞላል።

ሰባተኛው ላይ በጭብጨባና በተቀባይ የመጣው ከመንዙማ የተወሰደ ነው። አወሳሰዱ አልከፋኝም፤ ከጭብጨባው በታች ሌላ መሣሪያ አለማስገባታቸው ጨዋነት ነው። ሆኖም መንዙማ ምስጋና ነውና፣ ከማውጣታቸው በፊት አንድ የሚያውቅ ሼህ ዘንድ ሄደው ያሰሙት። ደሴ ላይ ሆነው ይህን ማድረግ አይከብዳቸውም።

የቤዝ ክር፣ ደሴ

አባቴ፣ ተግሣጽዎን ተቀብያለሁ። አምስተኛውን ዝም ያልሁት ስላልወደድሁት ነው፤ ይህን በግልጽ መናገር ነበረብኝ። የራፑ ባለቤት የ19 ዓመት ልጅ ነው፤ በድምፁ ውስጥ ያለው ኃይል ግን ግጥሙን የሚያክል አይደለም፣ ይበልጠዋል።

ድምፅ ቀራጭ፣ አዳማ

ስለ ስድስተኛው ዜማ አንድ ቴክኒካዊ ነገር ልጨምር፤ ውሳኔውን የሚነካ ይመስለኛል። ከመጀመሪያው ሰከንድ ጀምሮ ከሁሉም በታች ‹‹እም›› የሚል ዝቅተኛ ድምፅ አለ። መስመራችን በሰከንድ 50 ጊዜ የሚመላለስ በመሆኑ ከአምፕሊፋየሮቹ የሚወጣ ጉምጉምታ ነው፤ አድማጭ ለብቻው አያስተውለውም፣ ይለምደዋል። መብራቱ ሲጠፋ መሣሪያዎቹ ብቻ ሳይሆኑ ይህም አብሮ ይጠፋል። ክፍሉ በድንገት የሰፋ፣ ማሲንቆውም ወደ ጆሯችን የቀረበ የሚመስለን በዚህ ምክንያት ነው። የመጀመሪያ ሐሳቤ፣ እንደ ማንኛውም ሚክስ የሚሠራ ሰው፣ ጉምጉምታውን ከመነሻው ማጽዳት ነበር፤ ሞክሬም አየሁት። አጸዳሁትና 2 ደቂቃ ከ40 ላይ ስደርስ ምንም አልተሰማኝም፤ መሣሪያዎች ያቆሙ እንጂ መብራት የሄደ አይመስልም። ስለዚህ በዚህ ዜማ ላይ ጉምጉምታውን እንዳይነኩት እመክራለሁ።

ክሊኩን በተመለከተ፣ ስድስተኛው ሲጀምር በደቂቃ 92 ምት አካባቢ ነው፤ ሲጨርስ 99 ይደርሳል። ይህን በክሊክ ማሰር የሚሮጥን ፈረስ እግር ማሰር ነው። አምስተኛውን እንደገና ከሠሩት ግን ክሊክ ይጠቅማቸዋል፤ ራፑ የሚንሸራተተው ቤዙና ድራሙ ስለማይደማመጡ ነው።

ይህን ስል ጉድለት ሁሉ ይቆይ ማለቴ አይደለም። በሁለተኛው ዜማ ላይ በቆርቆሮው ጣሪያ የሚወርደው ዝናብ ማሲንቆውን ሸፍኖታል፤ ውበትም የለው፣ እንደገና ይቀረጽ። ማሲንቆው ማይክም ከደጋኑ ፊት ለፊት በመቀመጡ ፍቅፍቅታው በዝቷል፤ ከቆዳው ጎን አንድ ክንድ ያህል ራቅ ቢያደርጉት ይለሰልሳል። ቤዙን ደግሞ በአምፕሊፋየር ፊት ማይክ ከማቆም በቀጥታ ወደ ላፕቶፑ የድምፅ ካርድ ያስገቡት።

ከሲልቨር ስፕሪንግ

ኃይሉ መርጊያ እዚህ ዋሽንግተን አካባቢ ሆኖ አኮርዲዮኑን ከኪቦርድና ከድራም ማሽን ጋር ብቻውን አስማምቶ የሠራው ካሴት በ1985 እ.ኤ.አ. ወጥቶ፣ በ2013 እንደገና ሲታተም የአሜሪካና የአውሮፓ አድማጭ የወደደው ያንኑ ድምፅ ነበር፤ የድራም ማሽኑን የቆርቆሮ ድምፅ ማንም በዘመናዊ ድራም ልተካው አላለም። ገንዘብ ልስጥ ያሉትን ሰው ግን አታስቀይሟቸው፤ እኔም ሠርግ እየሠራሁ አልበም ያወጣሁ ነኝና የስቱዲዮ ሰዓት ምን እንደሚያስከፍል አውቃለሁ። እንዳለ የተተወውንና የተስተካከለውን፣ ሁለቱን ቅጂዎች ጎን ለጎን ያሰሟቸው፣ ከዚያ ይወስኑ።

የቤዝ ክር፣ ደሴ

ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። ትናንት ማታ የጻፋችሁትን በሙሉ በልምምድ ክፍላቸው አነበብሁላቸው። ስለ ራፑ የተጻፈው ሲነበብ ዝምታ ሆነ፤ ባለቤቱ ራሱ ‹‹እውነታቸውን ነው›› ብሎ ከ16ቱ መስመር ስምንቱን እዚያው ሰረዘ። ኪቦርድ ተጫዋቹ የሬውን ልክ በ10 ጀምሮ እየፈተነ 18 ላይ ቆሟል፤ ማሲንቆ ተጫዋቹ ዓይኑን ጨፍኖ ‹‹እዚህ ጋ ተወው›› ሲለው ነው ያቆመው። ሁለተኛውንና አምስተኛውን እንደገና ይቀርጻሉ፤ ሰባተኛውን ይዘው አርብ ከሶላት በኋላ ወደ አንድ ሼህ ለመሄድ ተቀጣጥረዋል። ገንዘብ ሰጪው ሰው ሁለቱን ቅጂዎች ሰምቶ ስለ ስድስተኛው ‹‹ላስብበት›› ብሏል።

ለባለማሲንቆው ወንድሜ አንድ ነገር ላድርስ። ልጁን፣ መብራቱ ሲጠፋ ለምን እንዳላቆመ ጠይቄው ነበር። ሲዘፍን ዓይኑን የመጨፈን ልማድ ስላለው መብራት መሄዱን እንዳላየ ነገረኝ፤ ሌሎቹ ሆን ብለው የተዉለት መስሎት ነበር።