እጄ ብር ሲቆጥር እኔ ከጎን ቆሜ የማይ ይመስለኛል፤ እያበድኩ ነው?

የሐረጎ ተመላላሽ፦

ሰላም ለሁላችሁ። የምኖረው ደሴ ነው፣ ሥራዬ ኮምቦልቻ። የሕንፃ መሣሪያ መደብር ውስጥ ሒሳብ እይዛለሁ። ጠዋት በሚኒባስ የሐረጎን ተራራ ወርጄ ማታ እመለሳለሁ።

የጀመረኝ ክረምት ላይ ነው። ሐረጎ በጉም ተሸፍኖ ሹፌሩ ጡሩንባ እየነፋ በቀስታ ይወርዳል። ድንገት ልቤ ይደልቅ ጀመር። ትንፋሼ አጠረ፣ እጄን ወረረኝ። በቃ ሞትኩ ብዬ ነበር። ኮምቦልቻ ስንደርስ ልቤ ተረጋጋ። ሌላ ነገር ግን ቀረብኝ።

ሰው ሲያወራኝ ይሰማኛል፣ ግን ከሩቅ ነው። መንገዱ፣ ቆርቆሮው፣ ደንበኛው ሁሉ ግድግዳ ላይ የተለጠፈ ሥዕል ይመስለኛል። ብር ስቆጥር እጆቼን አያለሁ፤ የሚቆጥሩት እነሱ ናቸው፣ እኔ የለሁበትም። የሚገርመው ሒሳቡ አይጎድልም! ከሁሉም ያስለቀሰኝ የእናቴ ነገር ነው። ቡና ስታፈላ ፊቷን አያለሁ። እናቴ መሆኗን አውቃለሁ፣ ግን ውስጤ ምንም አይልም።

ስነግራት "ዓይን ነው" አለችኝ። አንድ ክሊኒክ ሄድኩ፤ ደም ሰጥቼ ታይፎይድ ነው ተባልኩ። መድኃኒቱን ጨረስኩ፣ እሱ ግን አልሄደም። እንዲህ የሆነ ሰው አለ? እንዴት ወጣችሁበት?

የጦሳ መምህር፦

አብሽሪ እህቴ፣ አላበድሽም። እኔንም ይዞኝ ያውቃል።

ጥቅምት 2014 በጦርነቱ ከደሴ ስንወጣ መንገድ ላይ ምንም አልሆንኩም። ልጅ አዝዬ ነው የሄድኩት፣ ለመፍራትም ጊዜ አልነበረኝ። የመጣብኝ ተመልሰን ሁሉ ነገር ከተረጋጋ በኋላ ነው። ክፍል ውስጥ እያስተማርኩ ድምፄ የሌላ ሰው ሆነብኝ። ተማሪዎቹ ምንም አላወቁም። እንዲያውም "ዛሬ ጥሩ አስተማርክ" ያለኝ ባልደረባ ነበር፣ ምን ልበለው?

ነገሩን ያቆየብኝ መፈተሽ ነው። ጠዋት ዓይኔን ስገልጥ "ዛሬስ አለ ወይ?" እላለሁ። እንዲህ ብሎ የፈለገው ሰው ደግሞ አያጣውም። መስታወት ፊት ቆሜ ፊቴን እመረምራለሁ። መስታወት ላይ ብዙ ያፈጠጠ ጤነኛ ሰውም ፊቱ ይለወጥበታል፤ ይሄን ያወቅሁት በኋላ ነው። ማታ ደግሞ ስልኬ ላይ ስለዚሁ ሳነብ ይነጋል። በማግስቱ እንቅልፍ አጥቼ ይብስብኛል።

የተሻለኝ "ልቀቀኝ" እያልኩ መታገሉን ካቆምኩ በኋላ ነው። አለ? ይኑር። ጠመኔዬን ይዤ ወደ ሰሌዳው። በጣም ሲከፋ እግሬን መሬት ላይ አስረግጬ አንድ የማየውን ነገር በዝርዝር ለራሴ እናገራለሁ፤ ያ ልጅ ቀይ ሹራብ ለብሷል፣ ክርኑ ላይ ተጥፏል። ይሄን የምታደርጊው ግን ሐሳብሽን ወደ ውጭ ለመመለስ ይሁን። በየደቂቃው "ሄደልኝ ወይ?" ካልሽ ዞሮ ዞሮ መፈተሽ ነው።

በአንድ ቀን አልለቀቀኝም። መጀመሪያ ሳላስበው የሚያልፍ ሰዓት መጣ፣ ቀስ በቀስ ቀኑ ሁሉ እንደዚያ ሆነ። የእናትሽን ነገር ደግሞ አትፍሪ፤ ፍቅርሽ አልጠፋም፣ ስሜትሽ ነው የደነዘዘው። የእኔም ለልጆቼ እንደዚያ ሆኖ ተመልሷል።

እናት ከሰኞ ገበያ፦

ልጄ፣ ጸሎቱንም ጠበሉንም፣ ሙስሊም ከሆንሽም ዱአውን አትተዪ። ሐኪም ቤቱንም ግን አትተዪ። የእኔ ልጅ መድኃኒቱን እየወሰደ ጠበሉንም ይጠመቃል፣ አልተጣሉም። መድኃኒቱን ጣይ የሚልሽን ነው የማትሰሚው። እናትሽንም አትቆጫት፤ ዓይን ነው ያለችው ጨንቋት ነው።

ሳይካትሪ ነርስ፣ ኮምቦልቻ፦

እማማ ጥሩ ብለዋል። እኔ የሕክምናውን በኩል ልጨምር።

የገለጽሽው ነገር ዲፐርሰናላይዜሽን እና ዲሪያላይዜሽን ይባላል። የመጀመሪያው ከራስ የመራቅ፣ ሁለተኛው ዓለሙ እውነት የማይመስልበት ስሜት ነው። ብዙ ጊዜ አብረው ይመጣሉ። ለአጭር ጊዜ ብዙ ሰው ያጋጥመዋል፤ በድካም፣ በእንቅልፍ ማጣት፣ በሐዘን፣ በድንጋጤ። አእምሮ ጭንቀቱ ሲበዛበት ስሜቱን ይቀንሰዋል፣ ሰውዬው እንዳይሰበር። አንቺ "ይመስለኛል" ነው ያልሽው። "ዓለሙ በእውነት ሥዕል ሆኗል" አላልሽም። ለእኛ ትልቁ መለያ ይሄ ነው።

ሐረጎ ላይ የያዘሽ የድንጋጤ ሕመም ይመስላል፣ ፓኒክ የምንለው። ሰው ሲደነግጥ ሳያውቀው ቶሎ ቶሎ ይተነፍሳል። ያኔ ደም ውስጥ ያለው ካርቦን ዳይኦክሳይድ ይወርዳል፣ ወደ አንጎል የሚሄደው ደም ለጊዜው ይቀንሳል። ራስ ይቀላል፣ እጅ ይወርራል፣ የምታዪው ሁሉ ይርቃል። በረጅሙ መሳብ ሳይሆን ቀስ ብሎ ማውጣት ነው የሚረዳሽ። በአፍንጫ ትንሽ ሳቢ፣ ከሳብሽበት አስረዝመሽ አውጪ።

ስለ ታይፎይዱ፤ ዊዳል የሚባለው የደም ምርመራ ብቻውን ታይፎይድን በእርግጠኝነት አይለይም። እዚህ አገር በጭንቀት የመጣ ስንት ሰው የታይፎይድ መድኃኒት ይዞ ወደ ቤቱ ይሄዳል መሰለሽ! የደም ማነስና የእንቅርት ዕጢ ምርመራ ግን ብታደርጊ አይከፋም።

ቡና ላይ አቦል፣ ቶና፣ በረካ ሦስቱንም ከሆነ አቦሉ ይብቃሽ። ጫት ካለበት እሱ ዋናው ነው፤ ምርቃናው ልብ ያስደልቃል፣ ዱካኩ እንቅልፍ ይነሳል። ሐሺሽማ ይሄንኑ ስሜት ራሱ ሊያመጣ ይችላል። ዲያዜፓም የሚባለውን ማረጋጊያ ያለ ሐኪም ትእዛዝ ከመድኃኒት ቤት እንዳትገዢ፤ ሱስ ያስይዛል። ለዚህ ስሜት ተብሎ የተሠራ መድኃኒት የለም። የሚታከመው ጭንቀቱ ነው፣ በምክርም፣ ካስፈለገ በመድኃኒትም። ደሴ ሪፈራል ሆስፒታል የአእምሮ ሕክምና ክፍል አለ። ጤና ጣቢያም ጀምረሽ ወደዚያ ሊልኩሽ ይችላሉ።

ራስሽን ከሳትሽ፣ ሰውነትሽ ከተንቀጠቀጠ፣ አንድ ጎንሽ ከደከመ፣ ሌላው የማይሰማው ድምፅ ከሰማሽ ወይም መኖር ካስጠላሽ ግን ቀጠሮ አትጠብቂ፣ የዚያኑ ቀን ሂጂ።

የሐረጎ ተመላላሽ፦

እግዜር ይስጥልኝ ሁላችሁንም። ጫት አልቅምም፤ ቡናው ግን እውነት ነው፣ መደብሩም ውስጥ ይፈላል። አንድ ነገር ልጠይቅ። ሐረጎን ላለማየት ኮምቦልቻ ቤት ልከራይ እያሰብኩ ነበር። ይሻለኛል?

ሳይካትሪ ነርስ፣ ኮምቦልቻ፦

ለሥራው ከሆነ ተከራዪ። ሽሽት ከሆነ ግን አይበጅሽም። ዛሬ ሐረጎን ከሸሸሽ ነገ ሚኒባሱን ትሸሻለሽ፣ ከዚያ ገበያውን። ለጊዜው ከአንድ የሥራ ባልደረባሽ ጋር ተሳፈሪ፣ እየለመድሽው ስትሄጂ ብቻሽን። መጀመሪያ ግን ሐኪም ይይሽ። የቤቱን ነገር ከዚያ በኋላ ወስኚ።

የጦሳ መምህር፦

ሆስፒታል ስትሄጂ ሰው ካስፈለገሽ ባለቤቴ አብራሽ ትሄዳለች፣ እዚሁ ጻፊልኝ።